«ሙሉ በሙሉ የታደሰች» ለሚሏችሁ ኤምጂቢ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የምትወዱ ወገኖች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጓደኛዬ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ የ1972 ኤምጂቢ ገዛ። ሸራ ጣሪያ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም፣ ክሮሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ። ሻጩ የድሮ መኪና ነጋዴ ነው። ማስታወቂያው «ሙሉ በሙሉ የታደሰች፣ ዝገት የሌላት» ይላል። እኔ ከእነዚህ መኪኖች ጋር ብዙ ስለቆየሁ እንዳይለት ጠራኝ። ሊፍት ላይ ሰቅለን ከስር ስናያት፣ ታድሳለች የተባለው ቦታ ጭራሽ አልተነካም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል ከተማ ስትገጣጠም የነበረች መኪና ናት። ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ነው ሁሉን የሚሸከመው። ሸራ ጣሪያ የሆነችው ደግሞ ከላይ የሚይዛት ነገር ስለሌለ፣ ጥንካሬዋ በአብዛኛው ከበሮቹ ስር በቁመት በሚያልፈው የብረት ሳጥን ላይ ነው። ይህን ሳጥን «ሲል» ይሉታል። ሳጥኑ አንድ ላሜራ አይደለም። የውጪ አለው፣ የውስጥ አለው፣ መሃል ላይ የቆመ ሌላ አለው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ፓራፋንጎው ውስጥ ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዛል። ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ከውጪ እብጠት ሲታይ ውስጡ ብዙ ጊዜ አልቋል።

ትክክለኛው ጥገና ከባድ ነው። የፊቱ ፓራፋንጎ ይፈታል። የኋላው የታችኛው ክፍል ይቆረጣል፤ ምክንያቱም የውጪው «ሲል» በሁለቱም ጫፍ ከስራቸው ይገባል። የበሩ ክፍተት ቅርጹን እንዳይለቅ በብረት ይደገፋል። ከዚያ የበሰበሰው ሁሉ ወጥቶ አዲሱ ይበየዳል። ሳይደገፍ ከተበየደ ቦዲው ይለምጥና በሩ ዳግም በትክክል አይዘጋም። ጊዜ ይፈጃል፣ ጥሩ ባትላሜራ ይፈልጋል። ዕቃው ግን ሞልቷል። ለኤምጂቢ «ሲል» ብቻ ሳይሆን ሙሉ አዲስ ቦዲ እንኳ ከ1988 ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ «ዕቃ አጥተን ነው» የሚል ሰው አትስሙ።

አጭበርባሪው ምን ያደርጋል? ከውጪ የሚታየውን ያህል አጭር ላሜራ ቆርጦ በበሰበሰው ላይ ይለብጠዋል። ስቱኮ ይቀባል፣ ይፈገፍጋል፣ ቀለም ይረጫል። የጓደኛዬ መኪና ላይ ማግኔት ስናስጠጋ በግራ በኩል ጭራሽ አልያዘም። በካቻቪቴ ነካ ስናደርገው ጣት የሚያክል ስቱኮ ተቦድሶ ወደቀ። ከስሩ በሪቬት የተያዘ ላሜራ፣ ከላሜራው ጀርባ ደግሞ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ዝገት። በዚህች መኪና ሰው ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ሞተርዌይ ሊነዳ ነበር። አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ስለዚህ ስትሄዱ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ቀለም እንዳይጭር። በሩን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን እዩ። ከዚያ በክሪክ አንድ ጎኗን ከፍ አድርጉና ክፍተቱን እንደገና ተመልከቱ። ከጠበበ፣ ወይ በሩ ከያዘ፣ ቦዲው ደክሟል። ሻጩ ክሪክ አታስገቡ ካለ ቁልፉን መልሱለት። ከወንበሮቹ ጀርባ ወለሉ ስር ያለውን የባትሪ ማስቀመጫም እዩ፤ ማንም ስለማያየው ማንም አያድሰውም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸው አብዛኞቹ መኪኖች ዓመታዊውን የኤምኦቲ ምርመራ ማለፍ አይገደዱም። ይህ ማለት ለዓመታት ከስር ያያት ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ግን የቀድሞው የምርመራ ታሪክ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። የሰሌዳ ቁጥሩን ብቻ አስገቡ። የጓደኛዬ መኪና የመጨረሻ ምርመራ በሁለቱም ጎን ዝገት እንዳለ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ዝም። እንዲህ ያለ ታሪክ ስታዩ ዝገቱ ሲቆረጥ የተነሳውን ፎቶ ጠይቁ። ትልቅ የቦዲ ሥራ በትክክል የሠራ ሰው ፎቶ አያጣም።

«ከካሊፎርኒያ የመጣች ናት፣ ዝናብ አታውቅም» የሚልም ይገጥማችኋል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ኤምጂቢዎች የተሸጡት አሜሪካ ነው። ግን ወረቀት ይቅረብ። ጌይደን ያለው የእንግሊዝ የመኪና ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የተሠራችበት ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟ፣ የሞተር ቁጥሯ፣ የተላከችበት አገር ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ነጋዴው በባንክ ብታስተላልፍ ቅናሽ አለ ብሎት ነበር። ጓደኛዬ ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ከፈለ፣ ያወጣውም ይኸው ነው። በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ፣ በካርዱ የተከፈለው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም የካርዱ ድርጅት ለሙሉ ዋጋው ከሻጩ ጋር ተጠያቂ ነው። ከነጋዴ የተገዛ ጉድለት ያለበት ዕቃ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመለስና ገንዘብን ሙሉ በሙሉ መጠየቅ ይቻላል። ከግለሰብ ስትገዙ ግን ይህ መብት የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ «የራሴ መኪና ናት» የሚለው። በሊብሬው ላይ የማን ስም እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እዩ።

ነጋዴው አልመልስም ብሎ ተከራከረ፣ የካርዱ ድርጅት ግን ገንዘቡን መለሰ። መኪናዋም ወደ ነጋዴው ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት እንደገና ለሽያጭ ወጥታ አየኋት። የግራው ጎን አዲስ ቀለም ተረጭቷል፣ ጽሁፉ ያው ነው፦ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች፣ ዝገት የሌላት»። ጥቁር አረንጓዴ የ1972 ኤምጂቢ በዚህ ቃል ከቀረበላችሁ፣ ሊፍት ላይ ሳትሰቀል አንድ ፓውንድ አትክፈሉ።