ሽክርክሪቱ የነበረበት ቦታ፦ ለአባ ችግኝ ምስጋና

ካራ የምትኖሩ ታስታውሱት ይሆናል። ከታክሲ መያዣው ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ የልጆች መጫወቻ ነበር። አንዲት ሽክርክሪት፣ ሁለት ዥዋዥዌ፣ ቀለሟ የተላጠ ባቡር። ልጄ አምስተኛ ልደቷን ያከበረችው እዚያ ነው። ከዚያ ተዘጋ። ብረቱ ተነቅሎ ተወሰደ፤ የቀረው ሲሚንቶና ቆሻሻ ነበር።

ዛሬ የሰፈራችን ፓርክ ነው። ለዚህ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። ልጆቹ አባ ችግኝ ይሏቸዋል።

ከእሳቸው በፊት ሌሎች መጥተው ነበር። ባነር ዘረጉ፣ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ለገና አንድም ችግኝ አልተረፈም። አባ ችግኝ አንዱን ደረቅ እንጨት ሳብ አድርገው ነቀሉና አሳዩኝ። ሥሩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። «ከነሱሪው ነው የቀበሩት» አሉ።

እሳቸው የጀመሩት በግንቦት ነው። ከሁለት ልጆች ጋር ሆነው የሽክርክሪቱን መሠረት በመዶሻና በዲጂኖ ሰባበሩት። ጉድጓድ ሲቆፍሩ የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ይከምራሉ። በሐምሌ ሲተከል የላዩ ቀድሞ ይገባል፤ ሥሩ የሚበላው እሱን ነው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ተከሉ። እኛ ቶሎ ያድጋል ብለን ባሕር ዛፍ ፈልገን ነበር። «ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተክላችሁ አልጠገባችሁም?» ብለው ሳቁብን።

ዋናው ሥራ ግን ከመስከረም በኋላ ነው። ባዶ ሃይላንድ ከየቤቱ አሰባሰቡ። ክዳኑን በመርፌ በስተው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ ዘቅዝቀው ከችግኙ አጠገብ ቀበሩት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ጋ ይደርሳል። የካራ የኅዳር ውርጭ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ማታ ማታ ኮሶዎቹን ጆንያ ሲያለብሱ አይቻቸዋለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለ ጊዜ እኔም ተክዬ ነበር። የኔዋን ተመልሼ አይቻት አላውቅም። ያሳፍራል።

ወንድሜ ሴኡል በነበረ ጊዜ የአንድ ፓርክ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ድሪምላንድ የሚባል መጫወቻ ተዘግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በቦታው ትልቅ የሕዝብ ፓርክ ተከፍቷል። እነሱ ጋ የከተማው አስተዳደር ነው የሠራው። እኛ ጋ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ልጆችና ዲጂኖ።

አባ ችግኝ የግል ግቢም ይሠራሉ። ዋጋቸው ደህና ነው። ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፦ ጠዋት ስልክ አያነሱም። የሚያጠጣ ሰው ካላዘጋጃችሁ ደግሞ ሥራውን አይቀበሉም፤ ልመናም አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልካቸውን እልካለሁ። ለዘንድሮ ክረምት ከሆነ ግን ግንቦት ሳይገባ።