ፊልተሯን ካወለቅኩ በኋላ ታረቅን

ስሟን አልጠራም፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ዩዝድ ገዝቼ ለደመራ ማታ ይዣት ወጣሁ፣ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ እሳቱ በግራ ከሆነ ነጠብጣቡ በቀኝ፣ ልክ የፎቶውን መሀል ተሻግሮ ትይዩ። ጎስት የሚሉት እሱን ነው። ካሜራዋን ረገምኳት፣ ግን ጉዱ ሌንሱ እንዳይጫር ብዬ በአዳፕተር የገጠምኩባት ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ነው ለካ። ኮቲንግ (ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን) የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ወደ 4 በመቶ ብርሃን መልሶ ይወረውራል፣ ፊልተር ደሞ ሁለት ገጽ አለው፣ በዛ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ከሚያደርገው ክፍል) ነጥሮ የመጣውን ብርሃን እንደገና ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አወለቅኩት፣ ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ቀን ግን አሁንም ትቸገራለች፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታት ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ሁድ (ሌንሱን ከጎን ብርሃን የሚከልል ጥላ) ስለሌላት በግራ እጄ እከልልላታለሁ (አንዳንዴ ጣቴም አብሮ ይነሳል ሃሃ)። የጣት አሻራም አትናቁ፣ ሌንሷ ትንሽ ስለሆነች አንድ ንክኪ ብርሃኑን ለመበተን ይበቃል፣ እኔ ሁሌ የመነጽር ጨርቅ ኪሴ ውስጥ አለ። ጥላ ውስጥና ደመና ሲሆን ቆንጆ ናት። ከ10 7 ሰጥቻታለሁ።