ሁለት ዓመት ሆዴ ላይ የተኛው ላስቲክ

ስለ ሙቅ ውሃ ላስቲክ አስተያየት የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለ ስልክ ይጻፋል፣ ስለ ብሌንደር ይጻፋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከስልኬ ይልቅ አቅፌ የከረምኩት ይህንን ቀይ ላስቲክ ነውና የማውቀውን ልበል። ብዙው ሰው ሆት ዋተር ባግ ይለዋል። ሁለት ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ክዳኑ እየተሽከረከረ የሚገባ ነው። በ2016 ሰፈራችን ካለ ፋርማሲ በ450 ብር ገዛሁት።

ለምን እንደገዛሁት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ከእምብርቴ ትንሽ ወረድ ብሎ በቀኝ በኩል ያመኛል። አንዳንዴ እንደ መርፌ ጠቅ ያደርገኛል፣ አንዳንዴ ያቃጥላል። ከምግብ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ሽሮ በላሁ ክትፎ በላሁ ለእሱ ያው ነው። ሳስል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ በቀኝ ጎኔ ስተኛ ግን ይብሳል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ስለ እሷ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። ትኩሳት የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ስለሆነ ድሮ የነካካንን ነገር ጭምር ሊያሳይ እንደሚችል የገባኝ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ሕመሙ እዚያው።

ሁለተኛው ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ አለኝ፣ በደም ምርመራ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ከሁለት አንቲባዮቲክ ጋር፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ 14 ቀን። አፌ ሳንቲም ሳንቲም እያለኝ ጨረስኩት። ተመልሼ ስሄድ አሁንም በደም አዩኝና አሁንም ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ፣ እንደገና ያንኑ መድኃኒት። የደም ምርመራው ከታከሙም በኋላ ለብዙ ወራት ፖዘቲቭ ሊል እንደሚችል ማን ይንገረኝ? ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ የሰገራ ምርመራ አለ፣ ያውም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚደረግ።

ከዚያ አልትራሳውንድ። «ኩላሊትሽ ላይ ትንሽ አሸዋ አለ፣ ውሃ ጠጪ።» ጠጣሁ። ከዚያ ኢንዶስኮፒ። ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ ነገር ነፉብኝ፣ የምነክሰው ፕላስቲክ አፌ ውስጥ አደረጉ፣ በግራ ጎኔ አስተኙኝ። ውጤቱ ንጹሕ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ምንም የለብሽም» አለኝ። ደስ እንዲለኝ ሞከርኩ። ደረጃውን ስወርድ ጎኔን ይዤ ነበር።

እማዬ በበኩሏ ተልባ በጠበጠች፣ ፌጦ ወቀጠች፣ ጠበል አመላለሰችኝ። በመጨረሻ እሷም «ልጄ፣ ትንሽ ጭንቀት ይሆን እንዴ?» አለች። ላስቲኩን የገዛሁት በማግስቱ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። የመጀመሪያውን ሳምንት የመኪና ጎማ ይሸታል። ውሃ አፍልቶ ወዲያው መገልበጥ አይሆንም፣ እጅም ያቃጥላል ላስቲኩንም ይጎዳል፤ ማንቆርቆሪያውን አውርዳችሁ ትንሽ ታገሡ። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሁለት ሦስተኛ ይበቃዋል። ከዚያ ሆዱን ቀስ ብላችሁ ተጫኑትና አየሩ ይውጣ፣ ውሃው አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ዝጉት። አየር ከቀረበት እንደ ኳስ ይነፋና ሆድ ላይ አልተኛ ይላል። ዘግታችሁ ስትጨርሱ የእቃ ማጠቢያው ላይ ዘቅዝቁት፤ ጠብ ካለ ያኔ ይለይ፣ ሌሊት አንሶላ ላይ ከሚለይ።

የሥራ ባልደረባዬ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው አላት፣ አሥር ደቂቃ ሰክታ ትነቅለዋለች። ያምራል። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ትራስ ነው። የእኔው ከሰልም ይሁን ቡታጋዝ አይመርጥም። በዚህ በኩል አምስት ከአምስት።

ቢሮ መውሰድ ግን አልመክርም። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ሥር ሆዴ ላይ ይዤ ስሠራ ያቺው ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «በቅርቡ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንልሽ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ቢሮ ሰምቶ ነበር።

ስትገዙ አንገቱ ሥር እዩ። እንደ አበባ የተቀረጸ ክብ ምልክት አለው፣ እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። መሃሉ ላይ ያለው ቁጥር የተመረተበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዙሪያው ያሉት ቅጠሎች ወሮቹን ያሳያሉ። የእኔው 19 ይላል። ስገዛው አራት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፣ አምራቾቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ነው የሚሉት። አሁን ጎኑን ሳጥፈው ቀጫጭን ስንጥቅ አየሁበት። ጎማ ነውና ያረጃል፣ ሙቅ ውሃ ይዞ ሲፈነዳ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

አምና ታናሽ ወንድሜ ማታ ላይ ሆዱን ይዞ መጣና «ላስቲክሽን አውሺኝ» አለኝ። ጠዋት እምብርቱ አካባቢ ጀመረው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወደ ታች ወረደ፣ ሁለቴ አስመልሶታል፣ ግንባሩ ይፋጃል። ስለ ሆድ ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ላስቲኩን ከለከልኩት። እንዲህ ያለ ሕመም ላይ ሙቀት አድርጎ ጠዋትን መጠበቅ የለም። በላዳ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ገባ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። እኔ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀናሁበት። የእሱ ሕመም በአንድ ሌሊት ስም አገኘ፣ አውጥተው በዕቃ አድርገው አሳዩን። የእኔ የካርድ ፎልደር ብቻ ነው የሚወፍረው።

ሦስት ኮከብ የምሰጥበት ምክንያት እነሆ። ባለፈው ወር አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ፎልደሩን ስዘረግፍላቸው ወደ ጎን አድርገው «እስኪ ቀሚስሽን ገለጥ አድርጊው» አሉኝ። ሆዴ ላይ በቀኝ በኩል ቡናማ መረብ የመሰለ ነገር አለ፣ ዓሣ ማጥመጃ ያረፈበት ይመስላል። እኔ ማድያት ብዬ ትቼው ነበር። እሳቸው ገና ሲያዩት «በምንድን ነው የምታሞቂው?» አሉ። ደነገጥኩ። ምድጃ ዳር ሲሞቁ የሚያመሹ የገጠር እናቶች ቅልጥማቸው ላይ የሚያወጡት ነው አሉኝ፣ ሙቀት አንድ ቦታ ሲመላለስ ቆዳ እንዲህ ይሆናል፣ ካቆምሽ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይለቃል። ላስቲኩ ጨርቅ ሳይለብስ ቆዳ ላይ መዋል የለበትም፣ ይዞ መተኛትም አይገባም። እኔ ሁለቱንም ሳደርግ ነው የኖርኩት። እሽጉ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም፣ ቅር ያለኝ ይሄ ነው።

ግን ያ መረብ ነው ያስጠየቀኝ። «ይህን ያህል ካሞቅሽ በጣም እያመመሽ ነው» አሉ። በአንድ ጣት ቦታውን አሳይኝ አሉኝ፣ አሳየሁ። ስታስዪ ይብሳል? አዎ። ስታጎነብሺ? አዎ! በሕክምና ቤት ውስጥ እንደዚያ ጮክ ብዬ አዎ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ጣታቸውን እዚያው እንዳሳረፉ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አጥፊና ጭንቅላትሽን ብቻ ከአልጋው ቀና አድርጊ» አሉ። ቀና ስል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሆድ ሲጠነክር ጡንቻው ውስጥን ይከልላል፣ ስለዚህ ችግሩ ከውስጥ ከሆነ ሕመሙ ጋብ ማለት አለበት። ከባሰ ግን የሚጠረጠረው የሆድ ግድግዳው ራሱ ነው፣ ለምሳሌ ጡንቻው መሃል የተያዘ ትንሽ ነርቭ። ቤት ገብቼ ሳነብ ካርኔት የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 የጻፈው ዘዴ ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያ አይፈልግም። የወሰደው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ነው አላሉኝም። ሊሆን ይችላል አሉ። ቦታው ላይ ማደንዘዣ ወግተው ሕመሙ ጋብ ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል፣ ካላለ ሌላ ነገር እንፈልጋለን አሉ። ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው።

ላስቲኩ አሁን ወጥ ቤት በር ጀርባ፣ ክዳኑ ወጥቶ፣ አፉን ወደ ታች ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል፤ ውስጡ እንዲደርቅ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ሲብስብኝ በአሮጌ ነጠላ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ሩብ ሰዓት ብቻ እይዘዋለሁ። ፋርማሲው አዲሱን 800 ብር ነው አለኝ። ገና አልገዛሁም፣ ሐሙስ ተወግቼ ስመለስ አያለሁ።