ቲቢኤአይ ቦርድ፦ ጎበዝ ካርድ ናት፣ ጃምፐሯን ግን ጠብቋት

ባለፈው ሳምንት አንድ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ፣ እዚሁ ገልፍ ጋዝ ተርባይን ጣቢያ ውስጥ አዲስ ስራ የጀመረ፣ "ጋሼ ቲቢኤአይ ዩዝድ ሊገዙልን ነው፣ ምኑን ምኑን ነው የማየው?" ብሎ ቮይስ ላከልኝ። ጋሼ ያለኝን አልፌዋለሁ። መልሱ ግን በቮይስ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው፣ እንደ ሪቪው ቁጠሩት፣ ከካርዷ ጋር 9 ዓመት ገደማ አብረን ኖረናል።

ለማያውቃት፣ ቲቢኤአይ ማለት የጂኢ ማርክ 6 ኮንትሮል፣ ማለትም ተርባይኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ውስጥ ያለችው የአናሎግ ኢንፑት ተርሚናል ቦርድ ናት። ከፊልድ የሚመጣ ሽቦ ዘሎ ኮንትሮለር ውስጥ አይገባም፣ መጀመሪያ እሷ ላይ ይታሰራል፣ ከሷ ደግሞ በኬብል ራኩ (ካርዶቹ የሚሰኩበት መደርደሪያ) ላይ ወዳለው ቪኤአይሲ ወደሚባለው ካርድ ይሄዳል። 10 ኢንፑትና 2 አውትፑት አላት። የኮምፕረሰር ዲስቻርጅ ፕሬዠር የሚለኩት እነ 96 ሲዲ፣ የጋዝ ፕሬዠር፣ የኢንሌት ፊልተር ዲፈረንሻል ምናምን ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፉት። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለኩት ቴርሞካፕሎች ግን የሷ አይደሉም፣ ቲቢቲሲ የሚባል የራሳቸው ቦርድ አላቸው፣ ስንት አዲስ ልጅ የቴርሞካፕል ሽቦ ይዞ እሷ ጋ ሲንከራተት አይቻለሁ መሰላችሁ።

ስራዋ ሲታይ ቀላል ነው። ትራንስሚተሩ፣ ፊልድ ላይ ያለው መለኪያ፣ የለካውን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ አድርጎ ይልካል፣ እሷ 250 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ታሳልፈዋለች፣ 4ቱ 1 ቮልት ይሆናል 20ው 5 ቮልት ይሆናል፣ አለቀ። ለምን ከዜሮ አይጀምርም ለሚል፣ ሽቦ ሲበጠስ የሚመጣው ዜሮ ነዋ፣ ስለዚህ ዜሮ ካየህ ግፊት ጠፋ ሳይሆን ሽቦ ጠፋ ማለት መሆኑ ወዲያው ይገባሃል። የመጀመሪያዎቹ 8 ኢንፑቶች ሚሊአምፕም ቮልትም (5 ወይ 10) ይቀበላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ወይ 20 ሚሊአምፕ ወይ 1 ሚሊአምፕ ናቸው፣ ቮልት ይዘህ 9ኛው ላይ እንዳትሄድ።

እኔ የምወድላት ነገር ተርሚናል ብሎኳን ነው። ሁለት ብሎክ አላት፣ እያንዳንዱ ባለ 24 የሽቦ ማሰሪያ ብሎን፣ እያንዳንዱ በሁለት ብሎን ብቻ ቦርዷ ላይ ተይዟል። ካርድ ስትቀይር አርባ ምናምን ሽቦ አንድ በአንድ አትፈታም፣ ሁለቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርገህ ብሎኩን ከነሽቦው ብድግ፣ አዲሷ ላይ ቁጭ። በቃ። ካቢኔው ያለበት ኮንቴይነር ኤሲው ሞቶ ላብህ አይንህ ውስጥ እየገባ ላየ ሰው ይሄ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ይገባዋል። የ24 ቮልቱም ነገር ቆንጆ ነው፣ ለትራንስሚተሮቹ ኃይል የምትሰጠው ራሷ ናት፣ ቲኤምአር በሆነው፣ ማለትም ሶስት ኮንትሮለር ጎን ለጎን በሚሰራበት ሲስተም ደግሞ ከአር፣ ከኤስና ከቲ ሶስቱም ራኮች በዳዮድ ስለምትቀበል አንዱ ራክ ቢወድቅ ትራንስሚተር አይጠፋም።

ችግሩ ግን እዚሁ ቅለቷ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ሌሊት ሺፍት ላይ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ካርድ ቀየርን። አዲሷ የመጣችው ዩዝድ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነው፣ ተፈትሻ ተጸድታ ናት ብሎ ላስቲክ ውስጥ ከቶ የላካት። ብሎኮቹን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ኮራ ብዬ ፓወር ስጡኝ አልኩ። ዘጠኙ ኢንፑት መጣ። 3ኛው ስክሪኑ ላይ ወለል ነክቶ ቀረ። ጓደኛዬ ወደ ፊልድ ሄዶ በሬዲዮ "የትራንስሚተሩ ዲስፕሌይ ጨለማ ነው፣ ሞቷል" አለኝ። እኔ ቴስተር አምጥቼ 24 ቮልቱን ከግራውንድ ለካሁ፣ አለ። ኃይል ካለ ትራንስሚተሩ ነው ብለን ስቶር አስከፍተን አዲስ ትራንስሚተር አወጣን፣ ኢምፐልስ ላይኑን (ግፊቱን የሚያመጣለትን ቀጭን ቱቦ) ዘግተን ፈተን ገጠምን፣ እሱም ጨለማ። ሁለት ትራንስሚተር በአንድ ሌሊት አይሞትም እኮ። ያኔ ነው ባትሪ አብርቼ ቦርዷን ያየሁት፣ ጄ 3 ቢ የምትባለዋ፣ ሁለት ፒን የምታገናኝ የጥፍር ጫፍ የምታክል ጃምፐር፣ ሪተርን (መመለሻ) ላይ መሆን ሲገባት ኦፕን (ክፍት) ላይ ተቀምጣለች። ባለ ሁለት ሽቦ ትራንስሚተር ኃይሉንም ሲግናሉንም የሚያገኘው ከዚያው ሉፕ ነው፣ ሉፑ መመለሻ ከሌለው ሚሊአምፕ አይፈስም፣ ካልፈሰሰ ደግሞ ትራንስሚተሩ አይነሳም፣ 24 ቮልት ግን ስትለካው ፏ ብሎ ይታይሃል። ጃምፐሯን በፒንሳ ሳብ አድርጌ አዛወርኳት፣ ጓደኛዬ ከፊልድ "በራ! በራ!" እያለ ጮኸ። ጥፋቱ ከኔ በቀር የማንም አይደለም፣ የድሮዋን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማመሳሰል ነበረብኝ፣ ኮርቼ ነው።

ኦፕን የሚፈለግበት ቦታም አለ ታዲያ፣ ኃይሉን ከሌላ ቦታ የሚያገኝ ባለ አራት ሽቦ ትራንስሚተር ሲሆን ሁለት ቦታ ግራውንድ እንዳይሆን ብዙ ጊዜ ኦፕን ነው የሚደረገው፣ ድሮዊንጉን እዩ እንጂ ከኔ አትስሙ። የሺልድ (ሽቦውን ከረብሻ የሚከልለው ልባስ) ነገርም እንደዚያው፣ ከብሎኩ በስተግራ የሺልድ ማሰሪያ አለ፣ እዚያ ብቻ እሰሩት፣ ፊልድ ላይ ደግሞ ቁረጡና ሸፍኑት። ሁለቱም ጋ የታሰረ ሺልድ ካለ ንባቡ እንደ ትኩሳተኛ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያድረው።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብብ። አይኤስ 200 ቲቢኤአይ ኤች 1 ካለ በኋላ ያለችው ፊደል ጌጥ አይደለችም፣ ከየትኛው ቪኤአይሲ ጋር እንደምትገጥም ማኑዋሉ ላይ አለ፣ ማርክ 6 ኢ ከሆነ ደግሞ በቪኤአይሲ ፈንታ ፒኤአይሲ የሚባለው ፓክ በቀጥታ እሷው ላይ ነው የሚሰካው። ኬብል ማገናኛዎቿ ውስጥ መታወቂያ ቺፕ አለ፣ ኮንትሮለሩ አንብቦ ካልተስማማው አላርም ይጮህብሃል፣ መጮሁ ጥሩ ነው። ጃምፐሩን ግን አያነብም! ይሄን ነው ልቤ ያልተቀበለው፣ የካርዷን ዘር ማንዘር የሚጠይቅ ሲስተም ትንሿን ጃምፐር የት እንዳለች አያውቅም።

አንድ ሌላ ነገር፣ የካርዷ ጥፋት ሳይሆን የአሰራር ነው። ሶስት 96 ሲዲ የሚገጠመው አንዱ ቢዋሽ መሃለኛው እንዲወሰድ ነው። ሶስቱንም አንድ ቦርድ ላይ አስረህ ቦርዷ ከሄደች ሶስቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ምኑን ሶስት ሆነው። ቦታ ካለ ሁለት ቦርድ ላይ በትኗቸው።

በአጠቃላይ ከ10 8 እሰጣታለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት በጃምፐሩ ነው። ይሄን እየጻፍኩ እያለ ልጁ የዩዝዷን ፎቶ ላከልኝ። ትልቅ አድርጌ አየሁት፣ ኤች 1 ሲ ናት፣ ንጹህ ናት፣ ብሎኖቿ አልዛጉም፣ ጄ 7 ቢ ኦፕን ላይ ናት። "የነባሯንስ ፎቶ አንስተሃል?" አልኩት። "አረ ጋሼ፣ እሷንማ ትላንት ፈትተን ጃምፐሮቿን ለመለዋወጫ ወስደናቸዋል" አለኝ።