ልብ ወለድም ኢ-ልብ ወለድም ለሚጽፉ ደራስያን፦ ስለ «ሁለት ድረ ገጽ» ጥቅል ማስጠንቀቂያ

ልብ ወለድም ኢ-ልብ ወለድም ለምትጽፉ ሁሉ «ሁለት ዓይነት አንባቢ ስላለዎት ሁለት ድረ ገጽ ያስፈልግዎታል» በሚል መግቢያ የሚጀምር የጥቅል አገልግሎት ማስታወቂያ ሊደርሳችሁ ይችላል። ለእኔ የደረሰኝን የዋጋ ማቅረቢያና የውል ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አልፈረምሁም፤ ያልፈረምሁበትን ምክንያት ማወቁ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ተመሳሳይ ውል የሚያቀርቡ ብዙዎች በመሆናቸው የድርጅቱን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

የሻጩ ዋና መከራከሪያ፣ የፍለጋ ሞተሮች ልብ ወለድና ኢ-ልብ ወለድን በአንድ አድራሻ ሲያገኙ «ይምታታባቸዋል» የሚል ነው። ይህ እውነት አይደለም። የፍለጋ ሞተር በዋናነት የሚመዝነው እያንዳንዱን ገጽ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ልብ ወለድና ስለ አንድ የታሪክ ጥናት የተጻፉ ሁለት ገጾች ርእሳቸው በግልጽ እስከተለየ ድረስ በአንድ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ሥር ተቀምጠው አይጎዳዱም። ጉዳቱ ያለው በመከፋፈሉ ላይ ነው፤ ሌሎች ድረ ገጾች ስለ እናንተ ሲጽፉ የሚሰጧችሁ ማስፈንጠሪያ ለሁለት ይበተናል፣ ዓመታዊ እድሳቱና ጥገናው እጥፍ ይሆናል፣ መጣጥፋችሁን ወድዶ የመጣ አንባቢም ልብ ወለድ መጻፋችሁን ሳያውቅ ተመልሶ ይሄዳል። ያው ሰነድ በጎግል የፍለጋ ውጤት «የመጀመሪያውን ቦታ እናረጋግጣለን» ይላል፤ ጎግል ግን ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ይህንን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል በግልጽ አስታውቋል። እዚህ ቃል ላይ ስትደርሱ ሰነዱን ብታጥፉት ብዙ አትከስሩም።

በእርግጥ ሁለት ድረ ገጽ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለሕፃናት የሚጽፍ ሰው በብዕር ስም ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ሥራ የሚያሳትም ከሆነ፣ ወይም ማንነቱ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ከሆነ መለየቱ ግድ ነው። ሻጩ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀኝም።

ናሙና ተብለው የተላኩልኝን ሁለት ንድፎች ጎን ለጎን ከፍቼ ተመለከትኋቸው። የልብ ወለዱ ጥቁር ዳራ ላይ የሻማ ሥዕል አለው፤ የኢ-ልብ ወለዱ ነጭ ዳራ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ አለው። ከዚያ ውጭ የምናሌው ቅደም ተከተል፣ የአዝራሮቹ ቅርጽ፣ የመጽሐፍ ሽፋን የሚገባበት ሣጥን ሳይቀር አንድ ነው፤ በሁለቱም የአድራሻ ገጽ ላይ ያው «ሎሬም ኢፕሰም» የሚለው የቦታ መሙያ ጽሑፍ እንዳለ ተትቷል። አንድ ዝግጁ ቴምፕሌት (የንድፍ አብነት) ቀለሙ ተቀይሮ «ለእርስዎ ብቻ የተነደፈ» በሚል ሁለት ጊዜ እየተሸጠ ነው ማለት ነው። በቴምፕሌት መሥራት በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ የልዩ ንድፍ ዋጋ ማስከፈሉ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ስለ ዶሜይን የተጻፈው አንቀጽ ነው። በረቂቁ መሠረት ሁለቱም ዶሜይኖች «ለአስተዳደር ምቾት ሲባል» የሚመዘገቡት በድርጅቱ ስም ነው። ይህች ሐረግ ቀላል ትምሰል እንጂ ውጤቷ ከባድ ነው፤ የዶሜይን ሥርዓቱን የሚያስተባብረው አይካን ባወጣው ደንብ እንደ ዶት ኮም ያለን ዶሜይን ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ለማዛወር የሚያስፈልገውን ኮድ ጠይቆ በ5 ቀን ውስጥ የማግኘት መብት ያለው በባለቤትነት የተመዘገበው ሰው ነው። የተመዘገበው ሻጩ ከሆነ፣ ገንዘቡን የከፈላችሁትና የገዛ ስማችሁን የሰጣችሁት እናንተ ብትሆኑም፣ በየመጽሐፋችሁ ጀርባ የታተመው አድራሻ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ዶሜይኑን ራሳችሁ በስማችሁና በግል ኢሜይላችሁ አስመዝግባችሁ፣ ለሠሪው የሚያስፈልገውን ፈቃድ ብቻ ስጡት። «እኛ ካልያዝነው አይሠራም» የሚል ካለ ሥራውን አያውቅም፤ ወይም በደንብ ያውቃል።

ወርኃዊ ክፍያውም ሊጤን ይገባዋል። ድረ ገጹ የሚገነባው በድርጅቱ የራሱ መሣሪያ በመሆኑ፣ ክፍያው በቆመ ጊዜ ገጾቹ ይዘጋሉ፤ ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ይዞ መሄድም አይቻልም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሠራጨው የድረ ገጽ መገንቢያ ዎርድፕረስ ይዘቱን ወደ ፋይል አውጥቶ ለመዛወር ስለሚያስችል፣ ሻጩ ለምን እንዲህ ያለ አማራጭ እንደማያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል ያለው ግንኙነት እንዲመሰጠር የሚያስችል) በየዓመቱ የተጠየቀውን ክፍያ በተመለከተ ደግሞ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርተፍኬቱን ያለ ክፍያ እንደሚሰጥና ብዙ የሆስቲንግ አገልግሎቶችም በውስጣቸው እንዳካተቱት ማወቁ ይበቃል።

የኢሜይል ተመዝጋቢዎች ዝርዝርም በውሉ ውስጥ «በአቅራቢው ሥርዓት ይቀመጣል» ተብሏል፤ ወደ ፋይል ስለማውጣት ግን አንድም ቃል የለም። ለደራሲ ይህ ዝርዝር ከንድፉ ሁሉ ይበልጣል፤ አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ በቀጥታ የሚደርሰው ለእነዚህ ሰዎች ነውና። አንድ ዝርዝር ይዞ ተመዝጋቢው ልብ ወለድ፣ ኢ-ልብ ወለድ ወይም ሁለቱንም እንዲመርጥ ማድረግ ስለሚቻልም፣ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮችን መግዛት አያስፈልግም።

ሠሪ ስትፈልጉ የምትጠይቁት ሥራ ከዚህ ጥቅል በብዙ የቀለለ ነው። በስማችሁ የተመዘገበ አንድ ዶሜይን፣ በመግቢያው ገጽ ላይ ማን እንደሆናችሁ የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ ልብ ወለድና ወደ ኢ-ልብ ወለድ የሚያመሩ ሁለት ግልጽ ምናሌዎች ይበቃሉ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ገጽ ይኑረው። ተከታታይ ልብ ወለድ ካላችሁ አንባቢው የንባቡን ቅደም ተከተልና የናሙና ምዕራፍ ይፈልጋል፤ የኢ-ልብ ወለዱ አንባቢ ግን የጽሑፉን መሠረት፣ የሙያ ልምዳችሁንና ለንግግር የሚጋብዝበትን አድራሻ ነው የሚፈልገው። ንድፉን በተንቀሳቃሽ ስልክ ከፍታችሁ ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትፈጽሙ።

ቀድሞ የፈረመ ካለ፣ የማቋረጫ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት የገጾቹን ጽሑፍና ምስል በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጥ፣ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር በፋይል እንዲሰጡት ይጠይቅ፣ ዶሜይኑ ወደ ስሙ እንዲዛወርለትም በጽሑፍ ያመልክት። ዶሜይን በተመዘገበ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊከለከል ስለሚችል፣ የምዝገባውንና የእድሳቱን ቀን አስቀድሞ መያዝ ይገባል። ሻጩ ዶሜይኑን ሳያድስ ቢተወውና ቢሰረዝ፣ ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ይህንን ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ግን አሁንም በባለቤትነት የተመዘገበው ወገን ነው።