ብራየር፦ ያለ ማእከላዊ ሰርቨር የሚሠራ የመልእክት መተግበሪያ
ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የአንድሮይድ መተግበሪያ ብራየር፣ መልእክቶችን የሚያከማች ማእከላዊ ሰርቨር የለውም። ኢንተርኔት ሲኖር መልእክቱ የተጠቃሚዎችን ማንነትና ቦታ በሚሰውረው በቶር ኔትወርክ በኩል ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሁለቱ ስልኮች በብሉቱዝ ወይም በአንድ ዋይፋይ እስከተገናኙ ድረስ መልእክት መለዋወጡ አይቆምም፤ ይህም የኢንተርኔት መዘጋትን በተደጋጋሚ ላየን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። የድምፅ ጥሪ የለውም፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰውም አካውንቱን መልሶ ማግኘት አይችልም። ይበልጥ የሚከብደው ግን ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ መልእክቱ በላኪው ስልክ ውስጥ ተመስጥሮ መቆየቱ ነው። ለዚህ ችግር የተዘጋጀው ብራየር ሜይልቦክስ፣ ቻርጀር ላይ በተሰካና ኢንተርኔት በማይለየው ሌላ ስልክ ላይ ተጭኖ ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት መልእክቶችን ስለሚቀበልለት፣ ትርፍ ስልክ ላለው ሁሉ አብሮ እንዲጭነው አጥብቄ እመክራለሁ።