ላርናካ አርፎ ቆጵሮስን መዞር፦ ምኑ ይታያል፣ ምኑ ይዘለላል

ቆጵሮስ ለእረፍት እሄዳለሁ ስትሉ ሰው ሁሉ አያ ናፓ ይላችኋል። ባሕሩ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን እዚያ አልጋ አትያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። እኔ የምለው ላርናካ እረፉ። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው አጠገቧ ነው፣ መሀል ከተማዋ በእግር ይዞራል፣ ሌላውን የደሴቲቱን ክፍል ደግሞ ጠዋት በመኪና ወጥቶ አይቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ከሁሉ ቀድማችሁ የቅዱስ አልዓዛርን ቤተ ክርስቲያን እዩ። አዎ፣ ያው ጌታ በአራተኛው ቀን ከመቃብር የጠራው አልዓዛር። በአገሬው ትውፊት ከዚያ በኋላ ወደዚህ ተሰዶ መጣ፣ 30 ዓመት ያህል የከተማዋ ጳጳስ ሆኖ ኖረ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያረፈውም እዚሁ ነው። መቃብሩ በ890 ተገኘ ይላሉ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ዐፅሙ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፣ በ1972 ደግሞ ከመንበሩ ሥር ሲቆፈር የተወሰነ ዐፅም ተገኘ። ከመቅደሱ በታች ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወርዳችሁ የድንጋይ መቃብሩን ታያላችሁ። መግቢያ አይከፈልም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግድ ነው፣ ነጠላ የያዘች ምንም አትቸገርም። ጫማ አያወልቁም። ለእኛ ሰው እግሩ አልታዘዝ ይላል፣ ግን የእነሱ ሥርዓት ነው። ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ሥዕሉን ይዘው ከተማውን ይዞራሉ። ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል፣ በዓሉን ውጭ አገር ብቻውን ለሚያሳልፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ የጨው ሐይቁ አለ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ አልዓዛር ውሃ ጠምቶት አንዲትን አሮጊት ወይን ለመናት፣ ከለከለችው፣ እርሱም የወይን ቦታዋን ረግሞ ጨው አደረገው ይባላል። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ፣ ፍላሚንጎዎች ይሰፍሩበታል። በበጋቸው፣ በሙቀቱ ወራት ከሄዳችሁ ግን ወፍ የለም፣ የደረቀ ነጭ ጨው ብቻ ነው፣ እዚያ ድረስ በፀሐይ አትልፉ። ዳር ላይ ያለው ሐላ ሱልጣን ተኬ የተባለው መስጊድ ግን በማንኛውም ጊዜ ይታያል። የነቢዩ ባልደረባ የነበረችው ኡሙ ሐራም በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ከበቅሎ ወድቃ የሞተችበት ቦታ ነው ተብሎ ይከበራል። ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው።

የላርናካ ባሕር ዳርቻ ራሱ እንዴት ነው? ደህና ነው። ፊኒኩዴስ የሚሉት ዘንባባ የተተከለበት መንገድ ለማታ ሽርሽር ይመቻል፣ ውሃውም ጥልቅ ስላልሆነ ልጅ ላለው ጥሩ ነው፣ አሸዋው ግን ግራጫ ነው፣ ፎቶ ላይ የምታዩትን ሰማያዊ ውሃ እዚህ አትጠብቁ። እሱን የሚፈልግ አያ ናፓ አቅራቢያ ወዳለው ኬፕ ግሬኮ ይንዳ። እዚያ አጠገብ ያለችው ኮኖስ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከታዋቂው ኒሲ ትበልጥብኛለች። ኒሲ ሰው በሰው ነው፤ ፎጣ የምታነጥፉበት አታገኙም።

ምግብ ላይ ረዘም ልበል። ሜዜ የሚባለውን እዘዙ፣ ብዙ ቦታ ቢያንስ ለሁለት ሰው ነው የሚያዘጋጁት። ትንንሽ ሳህን ይመጣል፣ ይመጣል፣ አሁንስ አለቀ ስትሉ ዋናው ሥጋ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በሚቀርበው ዳቦና ጠሂና (ከሰሊጥ የሚሠራ ማባያ) አትጥገቡ። የተጠበሰ ሃሉሚ አይብ ከሐብሐብ ጋር ሲበላ መጀመሪያ ግራ ይገባል፣ ከዚያ በየቀኑ ያስለምናል። በጾም የሄደ ሰው አይራብም፣ የጾም ምግብ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሉቪ የሚሉት በአረንጓዴ ቅጠልና በወይራ ዘይት የሚሠራ የአተር ዓይነት ቅቅል አላቸው፣ ሆዴን የሞላው እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር እወቁ፤ ኦክቶፐስና ስኩዊድ እነሱ ዘንድ ደም የሌለው ስለሚባል በጾም ይበላል። የጾም ሳህን አዝዛችሁ እግሩ ብዙ የሆነ ነገር ቢመጣ አትደንግጡ። ዓሣ ስታዙ ደግሞ ቀድማችሁ አስመዝኑና ዋጋውን ጠይቁ። ባሕር ዳር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዝርዝሩ ላይ ያየሁት ዋጋ የኪሎ ነበር፣ አስተናጋጁም ምንም አላለ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ተያየን።

መኪና ተከራዩ። ባቡር የለም፣ አውቶቡሱ ከከተማ ከተማ ያደርሳል እንጂ ገዳምና ገጠር ላይ ብዙም አይረዳም። የሚነዳው በግራ ነው፣ እንግሊዞች እስከ 1960 ስለገዙት። የኪራይ መኪና ታርጋው ቀይ ስለሆነ አገሬው እንግዳ መሆናችሁን አይቶ ይታገሣችኋል። አውራ ጎዳናው ክፍያ የለውም። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን ቪዲዮ አንሱ። የእኔ አከራዮች ድሮ የነበረ ጭረት ሊያስከፍሉኝ ነበር፣ ያዳነኝ ስልኬ ነው።

ጳፎስ አንድ ቀን ይበቃታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ ጳፉ ተብላ የተጻፈችው ናት፤ ጳውሎስና በርናባስ አገረ ገዡን ያገኙበት። ጳውሎስ ታስሮ የተገረፈበት ነው የሚሉት ዓምድ አሁንም ቆሟል። በ1962 አንድ ገበሬ ሲያርስ የተገኘው የሮማውያን ቤት ወለል ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ በጥቃቅን ድንጋይ የተሠራ ሥዕል ከእግራችሁ በታች ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። መንገድ ላይ ያለው፣ በጥንት ግሪኮች የፍቅር አምላክ ስም የሚጠራው የአፍሮዳይት ቋጥኝ ግን ቋጥኝ ነው። ፎቶ አንስታችሁ እለፉ።

ሙቀቱ ሲበዛ ወደ ትሮዶስ ተራራ ውጡ። ኪኮስ ገዳም ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅዱስ ሉቃስ የሣላት ናት ይባላል፣ እኛም አገር እንዲህ የሚባልላቸው አሉ፣ ፊቷ ግን ተሸፍኖ ነው የምትኖረው። ለእኔ ከኪኮስ ይልቅ አሲኑ የምትባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትበልጣለች። ከ1105 ጀምሮ የተሣሉ ሥዕሎች ግድግዳውን ሞልተውታል፣ ከውጭ ግን ጎተራ ትመስላለች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ከፊት ይቀመጥ።

ኒቆስያ ለሁለት የተከፈለች ዋና ከተማ ናት፤ ከ1974ቱ የቱርክ ወረራ ወዲህ ሰሜኑ በቱርክ ቆጵሮሳውያን፣ ደቡቡ በግሪክ ቆጵሮሳውያን እጅ ነው። ሌድራ በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ቡና ጠጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ ኬላ ይገጥማችኋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ወዲያ ተሻግራችሁ መመለስ መቻላችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። የተከራያችሁት መኪና ኢንሹራንስም ወዲያኛው ወገን አይሠራም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሚያዝያና ግንቦት ወይም መስከረምና ጥቅምት ሂዱ። መስከረም መጨረሻ ላይ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ የአልጋ ዋጋም ይወርዳል፣ ኒሲ ላይ እንኳ ፎጣ ማንጠፊያ ይገኛል።